ቪትዝ፣ ሲጋል ወይስ 404? ደንገጎን የምትወጣ መኪና አመራረጥ

ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ሚኖር አንድ ጓደኛዬ በሳምንት ሶስት ቀን ሐረር ስራ አለው፣ እስካሁን በሚኒባስ ሲመላለስ ከርሞ አሁን እጁ ላይ ትንሽ ብር ገባችና «አቦ ምን ልግዛ?» ብሎ መጣ፣ እኔ ደሞ የመኪና ወሬ ከተነሳ ራሴን ስለማላውቅ ፈቲራው እስኪቀዘቅዝ አወራሁለት። ከዛ ሌላው መጣ፣ የሌላው ወንድም ደወለ፣ በቃ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል አልኩ።

ሰው መኪና ሊገዛ ሲል ስንት ፈረስ አላት፣ የስንት ሞዴል ናት ምናምን ይላል። እኔ እዚ አካባቢ መጀመሪያ ምጠይቀው ስንት ኪሎ ትመዝናለች ነው። ምክንያቱ ደንገጎ፣ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስትሄድ ምትወጣው የተራራ ዳገት። ድሬ ከባህር ወለል በላይ 1200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ደንገጎ ጫፍ ስትደርስ 2000ን አልፈሃል፣ ሐረር ደሞ 1900 ገደማ ናት። ከድሬ ሐረር ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትርን ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ ግን ዳገቱ አንድ ቦታ ላይ ተከምሯል፣ ጥምዝ በጥምዝ፣ ከፊትህ የጭነት መኪና እያቃሰተ፣ ከኋላህ ጫት ያደረሰ ፒካፕ ጥሩምባውን እያንጫረረ።

ከፍታው ደሞ ሌላ ጣጣ አለው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር ከፍ ባለ ቁጥር ሚስበው አየር እየሳሳ ስለሚሄድ በየ100 ሜትሩ በግምት 1 ፐርሰንት ጉልበቱን ያጣል። ስለዚ ወረቀቱ ላይ 70 ፈረስ ምትል መኪና ድሬ ላይ 60 ትንሽ ከፍ ብትል ነው፣ ደንገጎ ላይ 56 ገደማ ናት። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፣ ድሬ ላይ ያለው ጉልበት ደንገጎ ላይም አለ። ይሄን ያዝልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ትንሽ ሂሳብ፣ አትሽሽ። አንድ ክብደት 800 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት ሚበላው ጉልበት የታወቀ ነው፣ የፊዚክስ አስተማሪህ ነግሮሃል አንተ ነህ የረሳኸው። ቪትዝ ከነአራት ሰዋ 1150 ኪሎ ብትሆን ለመውጣት ብቻ 2.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ትፈልጋለች፣ ሞተሯ ደሞ ከቤንዚኑ ውስጥ ሩቡን ነው ወደ ጎማ ሚያደርሰው፣ ስለዚ ዳገቱ ብቻውን 1 ሊትር ከፍ ያለ ቤንዚን ነው። የቻይናዋ ኤሌክትሪክ ቢዋይዲ ሲጋል ከነሰዎቿ 1540 ኪሎ አካባቢ፣ 3.4 ኪሎ ዋት ሰዓት። የቮልስዋገኗ ኤሌክትሪክ አይዲ 4 ከነሰው 2400 ኪሎ ገደማ፣ ከ5 በላይ። ጠፍጣፋ መንገድ ላይ ክብደት ብዙም አይታወቅህም፣ ዳገት ላይ ግን ሁለት ቶን ብረት ይዘህ ነው ተራራ ምትወጣው።

ከድሮው ልጀምር፣ ምክንያቱም ፍቅሬ እዛ ነው። ፔጆ 404። ሐረር ወይ ድሬ ያደገ ሰው ሰማያዊና ነጭ የተቀባች 404 ታክሲ ውስጥ ተጨናንቆ ሳይሄድ አላደገም። ከ1960 (በፈረንጅ፣ ዓ.ም. ካላልኩ ከታች ያሉትም እንደዛው ናቸው) ጀምሮ የተሰራች ናት፣ ቅርጿን ያወጣው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው፣ 1618 ሲሲ ሞተሯ ኮፈኑ ስር ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ 45 ዲግሪ ተጋድሞ ነው የተቀመጠው። ማርሹ መሪው ላይ ነው። ባትሪ ከሞተ ከፊት የብረት ዘንግ ሰክተህ አዙረህ ታስነሳታለህ። ከኋላ ዲፈረንሻሏ ደሞ እንደሌላው መኪና ጥርስ በጥርስ ሳይሆን እንደ ብሎን በተጠማዘዘ ዘንግ ነው ሚዞረው፣ ለዛ ነው ድምጿ የሚለሰልሰው። እነዚ ሁሉ ዛሬ እንግዳ ነገር ይመስላሉ፣ ግን የምስራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን አራት ጊዜ አሸንፋለች፣ በ1963፣ ከዛም በ1966፣ 67 እና 68 በተከታታይ። አቧራና ጉድጓድ ያሸነፈች መኪና ናት፣ እኛ ጋር ይሄን ያህል ዘመን መቆየቷ አያስገርምም።

ታዲያ ልግዛት ወይ? ለፍቅር አዎ፣ ለስራ አይ። በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር አካባቢ ትጠጣለች፣ ያውም ካርቡሬተሩ በደንብ ከተስተካከለ። የድሮዎቹ አራቱም እግር ላይ የታምቡር ፍሬን ነው ያላቸው። እኔ አንዴ የአንድ አባባ 404 ላይ ደንገጎን ወደ ድሬ ስወርድ፣ ልጅ ነበርኩ ጉረኛም ነበርኩ፣ በሶስተኛ ማርሽ ለቅቄ ፍሬኑን እየረገጥኩ ወረድኩ፣ ግማሽ ላይ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆነ፣ የተቃጠለ ሽታ መጣ፣ አባባ አጠገቤ ተቀምጠው ምንም ሳይደነግጡ «ልጄ፣ የወጣህበት ማርሽ ነው ሚያወርድህ» አሉኝና እጃቸውን ሰደው ራሳቸው ወደ ሁለተኛ መለሱት። ጥፋቱ የኔ ነበር፣ የመኪናዋ አይደለም። እስከዛሬ ግን አውቶማቲክ ስነዳም ደንገጎ ላይ እግሬ ይቆጠባል።

404 ለመግዛት ከቆረጥክ ሞተሩን አትፍራ፣ ሞተር ይሰራል፣ ድሬ ውስጥ አይኑን ጨፍኖ ሚፈታው መካኒክ አታጣም። ምትፈራው ከስር ያለውን ዝገትና የሊብሬውን ጣጣ ነው። የሻሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልተመሳሰለ «ይስተካከላል» ሲሉህ ቀብድ አትስጥ።

ቮልስንም እዚው ላንሳት። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ በአየር ነው ሚቀዘቅዘው፣ ራዲያተር የለ፣ ውሃ የለ፣ ስለዚ ሐሩር ላይ ውሃ ፈላብኝ ሚባል ነገር የለም (ዘይቷን ከረሳህ ግን ትቀጣሃለች)። ከሁሉም ምወደው ጉዷ የድሮዋ የመስታወት ማጠቢያ ውሃ ሚገፋው በትርፍ ጎማው አየር መሆኑ ነው፣ መስታወት ባጠብክ ቁጥር ትርፍ ጎማህ ይተነፍሳል፣ ማን አሰበው ይሄን! እግረ መንገድ፣ ባጃጅም ሞተሯ ከኋላ ነው፣ ፖርሽ 911ም ሞተሩ ከኋላ ነው፣ ስለዚ ቀፊራ ላይ ባጃጅ ሲቀድምህ አትናደድ፣ ዘሩ ነው።

ዲኤክስን (የድሮዋን ቶዮታ ኮሮላ) ዝም ብዬ ባልፍ ወዳጆቼ ያኮርፉኛል። አንድ ነገር ብቻ፦ 70 ሚባለው ባለ አራት ማዕዘኑ ዲኤክስ በኋላ ጎማ ነው ሚገፋው፣ ከሱ ቀጥሎ የመጣው 80 ሴዳኑ ግን በፊት ጎማ ነው ሚጎትተው። መንዳት የምትወድ ከሆነ 70ውን፣ ቤተሰብ ምታመላልስ ከሆነ 80ውን። ሁለቱንም ሚሸጥ ሰው «ሞተሩ አልተነካም» ይልሃል፣ ሁለቱም ተነክተዋል።

አሁን ወደ እውነተኛው ምርጫ። ጓደኛዬ ያቀረባቸው ሁለቱ ቪትዝና ሲጋል ናቸው፣ እኔም ብዙ ጊዜዬን እነዚ ላይ ነው ማጠፋው።

ቪትዝ፣ የመጀመሪያዋ፣ በ1999 የወጣችው፣ ርዝመቷ 3.61 ሜትር ነው፣ ክብደቷ ባለ አንድ ሊትሯ ከ900 ኪሎ በታች። የፍጥነት ቆጣሪው መሃል ላይ ነው የተቀመጠው፣ መጀመሪያ የነዳ ሰው ሁሉ ከመሪው ጀርባ ፈልጎ ያጣዋል። ዲዛይኗን የሰራው ሶቲሪስ ኮቮስ ሚባል ግሪካዊ ነው። ሞተሯ በካቴና ነው ሚዞረው፣ ቺንጋ በየጊዜው ቀይር ሚባል ወጪ የለም። ከ2005 የመጣችው ሁለተኛዋ ላይ ባለ አንድ ሊትሩ ሶስት ሲሊንደር ሆነ፣ ቆማ ስትንቀጠቀጥ «ሞተሯ ታማለች» ብለህ አትደንግጥ፣ ተፈጥሮዋ ነው፣ ግን ኤሲ በርቶ በጣም ካንቀጠቀጠች የሞተር ማውንት አስፈትሽ።

ደንገጎ ላይ ባለ አንድ ሊትር ቪትዝ አራት ሰው ከነሻንጣው ይዛ ስትወጣ እንዴት ናት? ትወጣለች። ኤሲ አጥፍተህ፣ ማርሽ ወርደህ፣ ሞተሩ እየጮኸ ትወጣለች። ኤሲ አብርተህ በአውቶማቲክ ከሆነ ደሞ አብረህ ታምጣለህ። ለዚ ነው ሁሌ ለሰው ባለ 1.3ቱን ፈልግ ምለው፣ ዋጋው ብዙ አይለይም፣ ዳገቱ ግን ይለያል። እና ዋናው፣ ራዲያተሩ። ድሬ ውስጥ የነበረች መኪና ስትገዛ የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ክፈትና እይ፣ ውሃው ቡና ከመሰለ ወይ ዘይት ዘይት ካለው ሰውየው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ያቃጠለበትን ችግር ላንተ ሊያወርስህ ነው። እኔ አንዴ ስሟን ከማላነሳት ሱቅ «ከጃፓን ቀጥታ» ተብላ የተሸጠችልኝን ቪትዝ ሁለት ሳምንት ሳልነዳት ነው ይሄ ትምህርት የገባኝ፣ ኪሎ ሜትሩ 60 ሺ ይላል፣ የፍሬን ፔዳሉ ጎማ ግን ተበልቶ ብረቱ ወጥቷል። ቆጣሪ ይዋሻል፣ ፔዳልና የመሪ ቆዳ አይዋሹም።

የሱዙኪ ዲዛየርን ሚጠይቁኝም አሉ። ባለ 1.2ቱ፣ 83 ፈረስ፣ ክብደቷ 900 ኪሎ እንኳን አትሞላም፣ ሻንጣ መጫኛዋም ከቪትዝ ይሻላል። ቀላልነቷ ነዳጅ ላይ በደንብ ይታያል። ቆርቆሮዋ ሳሳ ያለ ነው፣ ታይዋን ሰፈር አቁመህ ስትመለስ የሰው ክርን ምልክት ታገኛለህ፣ ከዛ ውጪ ነቀፋ የለኝም።

ሲጋል። በመጀመሪያ ለምን ይሄን ያህል እንደበዛች፦ በ2016 ዓ.ም. መንግስት ከኤሌክትሪክ ውጪ የሆነ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለከለከለ፣ አዲስ የቤንዚን መኪና ላስገባ ምትለው ነገር ቀርቷል፣ የቤንዚን ምትፈልግ ከሆነ ሀገር ውስጥ ያለውን ነው ምትገዛው። ስለዚ ቪትዝ ወይስ ሲጋል ማለት ያረጀ የታወቀ ነገር ወይስ አዲስ ያልለመድነው ነገር ማለት ነው።

ሲጋል በ2023 የወጣች ናት፣ 3.78 ሜትር ርዝመት፣ አራት ሰው ብቻ (አምስተኛ አትጠቅጥቅ፣ ቀበቶ የለውም)፣ ፊት ለፊት አንድ መጥረጊያ ብቻ ነው ያላት፣ አንድ! ሞተሯ 55 ኪሎ ዋት፣ ወደ 75 ፈረስ መሆኑ ነው። አሁን ቅድም ያዝልኝ ያልኩህን አምጣው። ቪትዝም 70 ፈረስ ናት፣ ሲጋልም 75፣ ወረቀት ላይ እህትማማች ናቸው፣ ደንገጎ ላይ ግን ቪትዝ 56 ሆና ስትንፏቀቅ ሲጋል ያው 75 ናት፣ ደሞም የኤሌክትሪክ ሞተር ከመነሻው ሙሉ ጉልበቱን ስለሚሰጥ ከጥምዝ ስትወጣ ማርሽ ልቀንስ አልቀንስ ሚባል ነገር የለም፣ ረገጥክ ሄደች። ከ0 እስከ 50 በ4.9 ሰከንድ ነው ኩባንያው ሚለው፣ ከተማ ውስጥ ከዛ በላይ ምን ልታደርግበት ነው።

እና መውረዱ! ከደንገጎ ወደ ድሬ ስትወርድ ሞተሩ ጀነሬተር ይሆንና ባትሪውን ይሞላል፣ ፐርሰንቱ ይቀንሳል ብለህ ስትጠብቅ ሲጨምር ታየዋለህ፣ መጀመሪያ የአጎቴን ልጅ መኪና ይዤ ስወርድ ሶስቴ ነው ስክሪኑን ያየሁት። ፍሬንህም አይቃጠልም፣ አባባ ቢያዩት ደስ ይላቸው ነበር። ግን አንድ ወጥመድ አለ፣ ሐረር ወይ ሐረማያ ምትኖር ከሆነ 100 ፐርሰንት ሞልተህ ለቁልቁለት አትነሳ፣ የሞላ ባትሪ ሚቀበለው ቦታ ስለሌለው መልሶ መሙላቱ ይዳከማል፣ ያኔ ተራው የፍሬን ሸራ ብቻውን ይቀራል። 85፣ 90 ላይ ተነስ።

ስለ ርቀቷ ደሞ እውነቱን እንነጋገር። ባለ 38.88 ኪሎ ዋት ሰዓቷ 405 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ተብሎ ተጽፏል፣ ይሄ በቻይና መለኪያ ነው፣ የቻይና መለኪያ ለጋስ ነው፣ አንተ ከዛ ላይ በደንብ ቀንስና አስብ። ባለ 30ዋ ደሞ 305 ይላል። ድሬ ሐረር ደርሶ መልስ በማናቸውም ያለ ሃሳብ ይሄዳል፣ ኤሲ በርቶም። ታህሳስ 19 ቁልቢ ደርሰህ መመለስም ይቻላል፣ እዛ ቀን ችግርህ ባትሪ ሳይሆን መቆሚያ ነው። አዲስ አበባ ልሂድባት ካልክ ግን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መሃል ላይ የት እንደምትሞላ አስቀድመህ ሳታውቅ አትነሳ። የቻይና ገበያ መኪናዎች የቻይናውን ሶኬት፣ ጂቢቲ ሚባለውን ነው ሚጠቀሙት፣ ቻርጀር አገኘሁ ብለህ ስትጠጋ ሶኬቱ የአውሮፓ ከሆነ ቆመህ ታየዋለህ።

ቤት ውስጥ በተራ ሶኬት፣ 10 አምፔር ብትስብ 2.2 ኪሎ ዋት ነው፣ ባዶ ባትሪ ለመሙላት 18 ሰዓት ገደማ፣ ማለትም ማታ ሰክተህ ጠዋት ግማሽ ከፍ ይላል፣ ለሐረር ይበቃል። ገመዱን ግን አትቆጥብ። ሰፈራችን አንዱ ለፍሪጅ በተገዛ ማራዘሚያ ሲሞላ ሶኬቱ እንደ ሻማ ቀለጠ፣ ግድግዳው ላይ እስካሁን ጥቁር ምልክት አለ። ከቆጣሪው ቀጥታ ወፍራም ገመድ፣ የራሱ ማቋረጫ ያለው፣ በኤሌክትሪሺያን አስዘርጋ። መብራት ሚጠፋበት ሰፈር ከሆንክ ደሞ ከ40 ፐርሰንት በታች ሳታወርድ የመኖር ልማድ አድርግ።

የሙቀቱን ነገር ብዙ ሰው ይፈራል፣ ፍርሃቱ ልክ ነው ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። ሙቀት የሊቲየም ባትሪን ያስረጃል። የድሮው ኒሳን ሊፍ ባትሪው ፈሳሽ ማቀዝቀዣ የለውም፣ በ2012 አሜሪካ አሪዞና በረሃ ላይ ያሉ ባለቤቶች ርቀታቸው እየቀነሰ የጮኹት ለዛ ነው፣ ድሬ ደሞ ከአሪዞና ጋር ምን ያለያያታል። ስለዚ ያገለገለ ሊፍ በርካሽ አገኘሁ ካልከኝ ዳሽቦርዱ ላይ ካሉት 12 የባትሪ ዘንጎች ስንቱ እንደቀሩ ቁጠርና ደውልልኝ። የሲጋል ባትሪ ብሌድ ሚባለው የብረትና ፎስፌት አይነት ነው፣ ሙቀትን ከሌሎቹ በተሻለ ይችላል። ቢሆንም ከዚራ ሰፈር ያለችዋን አይነት የዛፍ ጥላ ካገኘህ ከሰው ተጣልተህም ቢሆን ያዛት።

ትላልቆቹስ? አይዲ 4 ጥሩ መኪና ናት፣ ሰፊ፣ ለረጅም መንገድ ምቹ፣ ባትሪዋ ትልቅ። ጉዶቿንም እወዳቸዋለሁ፣ ፔዳሎቿ ላይ እንደ ቴፕ የማጫወቻና የማቆሚያ ምልክት ያለባቸው አሉ፣ የኋላ መስታወት ለማውረድ ደሞ ሌላ ቁልፍ ነክተህ ነው የፊቱን ማብሪያ ወደ ኋላ ምታዞረው፣ እና አትስቅብኝ፣ የኋላ ፍሬኗ ታምቡር ነው፣ እንደ 404! ምክንያት አለው፣ ሞተሩ ራሱ ስለሚይዝ የኋላ ፍሬን ብዙ አይሰራም፣ ዲስክ ቢሆን ይዝግ ነበር። ግን ከሁለት ቶን በላይ ናት፣ ጎማና ኩሽኔታ ስትቀይር ትሰማዋለህ፣ ጀጎል አካባቢ ደሞ እርሳት። መኪና ግርግር (ጀጎል ውስጥ ያለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ) ላይ በሷ ለመግባት የሞከረ ዘመድ አለኝ፣ ሁለቱንም መስታወት አጥፎ፣ ሴቶቹ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ እየሄዱ በጎን እየሾለኩ፣ በመጨረሻ ወደ ኋላ ነው የወጣው። ቪትዝና ሲጋል እዛ ያልፋሉ፣ ከጠባቦቹ የውስጥ መንገዶች ላይ ደሞ አህያ ብቻ ነው ሚያልፈው።

ፍጥነት ፍጥነት ለምትሉኝ። ቢዋይዲ «ሲል» (Seal) ሚባለው ሞዴል፣ አራቱም ጎማ ሚሽከረከረው፣ 390 ኪሎ ዋት ነው፣ ከ0 እስከ 100 በ3.8 ሰከንድ። ወላሂ ያስደነግጣል። ግን የት ልትነዳው? ደንገጎ ላይ ከጥምዝ እስከ ጥምዝ ያለው ርቀት ለ3.8 ሰከንድ አይበቃም፣ ከሁለት ቶን በላይ የሆነ ነገር ደሞ ጥምዙ ላይ ማስቆም አለብህ። የምር ፈጣን ሹፌር ማየት ከፈለግክ አወዳይ ሄደህ ጫት ጫኞቹን እይ። ለምን ቱርቦ ናፍታ ፒካፕ እንደሚመርጡ ታውቃለህ? ቱርቦ የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው ብዙም አይጎዳውም። ይሄን ማንም በመጽሐፍ አላስተማራቸውም። አነዳዳቸውን ግን አልመክርም፣ መንገድ ዳር የቆሙትን የተጨፈለቁ ፒካፖች አይተሃል።

የኔን ህልም ከጠየቅከኝ የቶዮታ ጂአር ያሪስ ናት። የቪትዝ ዘር፣ ባለ 1.6 ሶስት ሲሊንደር ቱርቦ፣ የአውሮፓዋ 261 ፈረስ፣ አራቱም ጎማ፣ 1280 ኪሎ ብቻ። ለደንገጎ የተሰራች ትመስላለች። ቤንዚን ስለሆነች ግን አትገባም፣ ስለዚ ፎቶዋ ስልኬ ላይ ነው ያለው። በሌላው ጫፍ ደሞ ቮልስዋገን ኤክስኤል 1 አለች፣ 250 ብቻ የተሰራች፣ በ100 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር እንኳን አትሞላም፣ 795 ኪሎ፣ የኋላ ጎማዎቿ የተሸፈኑ፣ በመስታወት ፋንታ ካሜራ ያላት። አንዷ ለፍጥነት አንዷ ለቁጠባ፣ ሁለቱም መሐንዲሶች መጀመሪያ ያደረጉት ያንኑ ነው፣ ኪሎ መቀነስ።

ጓደኛዬን ምን አልኩት? ቤትህ የራስህ ግቢ ካለው፣ ገመድ ማስዘርጋት ከቻልክ፣ ስራህም ድሬና ሐረር ከሆነ ሲጋል ውሰድ፣ ባለ 38ቷን። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ምትኖር ከሆነ፣ ወይም በየወሩ ጅጅጋና አዲስ አበባ ምትል ከሆነ ባለ 1.3 ቪትዝ ወይ ዲዛየር። ከአምስት በላይ ቤተሰብ ካለህ ሶስቱንም እርሳቸው። ከመክፈልህ በፊት ግን፣ የትኛዋም ትሁን፣ ቀን 8 ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ሲጠና፣ ሶስት ሰው ጭነህ ኤሲውን አብርተህ ደንገጎን ውጣባት። ሻጩ «እዚችው ነምበር ዋን ሰፈር ዞር ዞር ብለን እንመለስ» ካለህ ሊብሬውን መልስለትና ሌላ ፈልግ።

እሱ ግን ሰምቶኝ ሲያበቃ «እሺ፣ 404ቷስ ስንት ትሸጣለች አልክ?» አለኝ።